ዝና መኖሪያ ሲሻ
የፓይንኸርስት የጎልፍ ቤተ መዘክርና የአንድ መተዳደሪያ ደንብ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከአትላንቲክ ጠረፍ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ «የአሸዋ ኮረብታዎች» የሚባል አገር አለ። መሬቱ አሸዋ፣ ዛፉ ረዣዥም ጥድ ነው። በዚህ አገር መካከል የምትገኘው ፓይንኸርስት የተባለችው ትንሽ መንደር ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ ስሟ ከጎልፍ ጨዋታ ተለይቶ ተጠርቶ አያውቅም። የዓለም የጎልፍ ዝነኞች አዳራሽ የሚባለው ቤተ መዘክርም ብዙ ዓመታት በሌላ ግዛት ከኖረ በኋላ በ2024 የጸደይ ወራት ተመልሶ በሩን የከፈተው በዚህችው መንደር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልፍን በዓይኑ ላላየ አንባቢ ጥቂት መግለጫ ሳያስፈልግ አይቀርም። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ መምታት በሁለቱም ዘንድ አለና። ልዩነቱ፣ በገና ጨዋታ ሁለት ወገኖች በአንድ ጥንግ ይናጠቃሉ፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ያለ ከልካይ እየመታ በሰፊ መስክ ላይ የተበተኑትን 18 ጉድጓዶች በተራ ይዞራል። በጥቂት ምት የጨረሰው ያሸንፋል። ተጫዋቹ እንደ ርቀቱና እንደ መሬቱ የሚለዋውጣቸው ዱላዎች እስከ 14 ስለሚደርሱ ከረጢቱን የሚሸከምለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህም ሰው ካዲ ይባላል። በኢትዮጵያ በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ እንደማይቆጣ የሚነገረው አባባል፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ እንደ ነበር ያመለክታል። በጎልፍ ሜዳ ካዲውና ተጫዋቹ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ዱላውን የሚያነሣው ግን አንደኛው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይዞ ቢቆይ በኋላ ለሚመጣው ታሪክ ይጠቅመዋል።

የፓይንኸርስት መሥራች ጀምስ ዎከር ተፍትስ በቦስተን ከተማ የሶዳ ውሃ መቅጃ መሣሪያ እያሠራ በመሸጥ የበለጸገ ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው በ1895 ወደ ደቡብ ወርዶ ከ5,000 ኤከር በላይ፣ ማለትም በኢትዮጵያ የቀድሞ ልኬት ከ50 ጋሻ የሚበልጥ መሬት ገዛ። የገዛበትም ዋጋ ለአንድ ኤከር አንድ ዶላር ገደማ ነበር። መሬቱ እንዲህ የረከሰው፣ ጥዱ ለሬንጅና ለተርፔንታይን ሲባል ተልጦና ተቆርጦ ስላለቀ፣ የቀረውም አሸዋ እህል የማያበቅል ስለ ነበረ ነው። ተፍትስ የመንደሩን ፕላን እንዲያወጣለት የኒው ዮርክን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነውን ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድን ቀጠረ። መንገዶቹ ቀጥ ብለው እንዳይዘረጉና ከአረንጓዴው መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ እንዲሄዱ ተደረገ። የመጀመሪያው ሆቴል በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ተከፈተ።

የተፍትስ የመጀመሪያ ሐሳብ ጨዋታ አልነበረም። በሰሜኑ ብርድ ሳንባቸው የታመመ፣ ብዙ ገንዘብም የሌላቸው ሰዎች በጥድ አየር እንዲያገግሙ አስቦ ነበር። ዳሩ ግን የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ በሕዝብ ዘንድ እየታወቀ ሲሄድ፣ በሽተኞቹ ያሉበት ሆቴል ጤነኛውን እንግዳ የሚያሸሽ ሆነ። ተፍትስም ሐሳቡን ለወጠ። ለበሽተኛ የተቆረቆረው መንደር በሽተኛን የማይቀበል መንደር ሆነ። ነጋዴውን በዚህ መውቀስ ይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ገንዘቡን በአሸዋ ላይ ያፈሰሰ ሰው ሌላ ምን ምርጫ እንደ ነበረው መጠየቅም ተገቢ ነው።

ጎልፍ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። እንደሚነገረው፣ አንዳንድ እንግዶች በወተት ላሞቹ ግጦሽ ላይ ትንንሽ ነጭ ኳሶችን እየመቱ ከብቱን ማስደንበር ጀመሩ። ተፍትስ ከመከልከል ይልቅ በ1898 ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አስጠረገላቸው። በ1900 ደግሞ ዶናልድ ሮስ የተባለውን ስኮትላንዳዊ አመጣ። ሮስ በሰሜን ስኮትላንድ በዶርኖክ ከተማ በ1872 የተወለደ፣ በሴንት አንድሩስ ከታወቀው ከቶም ሞሪስ ዘንድ የዱላ አሠራርንና የሜዳ አያያዝን የተማረ ሰው ነበር። በ1907 የጨረሰውን ሁለተኛውን ሜዳ፣ በተለምዶ «ቁጥር ሁለት» የሚባለውን፣ በ1948 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ እያፈረሰ ሲያሻሽለው ኖሯል። በመላ አሜሪካ ከአራት መቶ የማያንሱ ሜዳዎች በስሙ ቢጠሩም፣ ከቤቱ በረንዳ ሆኖ የሚያየው ይህን ሜዳ ነበር።

የቁጥር ሁለት ጠባይ በሥነ ሥራው ለሚደነቁ ባለሙያዎች ጥቂት ቆም ተብሎ ሊነገር ይገባዋል። በዚያ አሸዋ ላይ ለስላሳ ሣር ማብቀል ስላልተቻለ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው መደብ የተደመደመ አሸዋ ነበር። በኋላ ሣር ሲተከል ሮስ መደቦቹን እንደ ተደፋ ሳሕን መካከላቸው ከፍ፣ ዳራቸው ዘቅዘቅ እንዲል አድርጎ ሠራቸው። ኳሱ በመደቡ ላይ ካረፈ በኋላ እየተንከባለለ ስለሚወርድ ተጫዋቹ በጉልበት ብቻ አያሸንፈውም። ከሮስ ሞት በኋላ የመጡት አስተዳዳሪዎች ሜዳውን ዳር እስከ ዳር በለመለመ ሣር ሸፍነውት ነበር፤ በ2010 እና በ2011 ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ ከ35 ኤከር ያላነሰ ሣር አንሥተው አሸዋውንና የዱር ሣሩን መለሱለት። ውሃ የሚረጩትም ቧንቧዎች ከግማሽ በታች ሆኑ። ጥገና ማለት አዲስ ነገር መጨመር ብቻ ለሚመስለው ሁሉ ይህ ሥራ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የተፍትስ ቤተሰብ መንደሩን እስከ ሦስተኛ ትውልድ ድረስ ይዞ ቆየ። በ1970 ግን ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ዳያመንድሄድ ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ። የኩባንያው ባለቤት ማልኮም ማክሊን፣ የመርከብ ጭነት በኮንቴይነር እንዲጓጓዝ በማድረግ የዓለምን ንግድ የለወጠው ሰው ነው። ኩባንያው በጥዱ መካከል ቤት እየሠራ፣ ቦታ እየሸነሸነ ለመሸጥ ተነሣ። ለመሸጥ ደግሞ ስም ያስፈልጋል። የዝነኞቹ አዳራሽ የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ጭምር መሆኑ አይካድም።

አዳራሹ ከቁጥር ሁለት ሜዳ ጀርባ ተሠርቶ በመስከረም 1974 ሲከፈት፣ ሥልጣን ከያዙ አንድ ወር ብቻ የሆናቸው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝተዋል። በመጀመሪያው ዙር የተመረጡት 13 ነበሩ። ከነዚህም ሃሪ ቫርደን፣ ቦቢ ጆንስ፣ ዋልተር ሄገን፣ ፍራንሲስ ዊሜትና ቤብ ዛሃሪያስ በሕይወት አልነበሩም፤ ቤን ሆጋን፣ ሳም ስኒድ፣ ጂን ሳራዘን፣ ባይረን ኔልሰን፣ ፓቲ በርግ፣ አርኖልድ ፓልመር፣ ጃክ ኒክላውስና የደቡብ አፍሪቃው ጋሪ ፕሌየር ግን በሕይወት ነበሩ። ስሙ «የዓለም» ይባል እንጂ ከ13ቱ አሥራ አንዱ አሜሪካውያን መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ሁሉም ነጮች ነበሩ።

የዳያመንድሄድ ኩባንያ ብዙ አልቆየም፤ ዕዳ ተጭኖት መንደሩ በአበዳሪ ባንኮች እጅ ወደቀ፣ በ1984ም ለሌላ ባለቤት ተላለፈ። የአዳራሹን አስተዳደር በ1980ዎቹ የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ተረከበ። ነገር ግን ቤቱን የሠራው ሐሳብ ከከሰረ በኋላ ቤቱም ሰው እየራቀው ሄደ።

ሁለተኛው መኖሪያ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በሴንት ኦገስቲን አጠገብ፣ ከትልቁ አውራ ጎዳና ዳር በግንቦት 1998 ተመረቀ። ሴንት ኦገስቲን ስፔናውያን በ1565 የቆረቆሯት፣ በዩናይትድ ስቴትስ ከሚገኙት አውሮፓውያን ከመሠረቷቸው ከተሞች ሳትቋረጥ በመኖር ጥንታዊቱ ናት። እዚያ የተሠራው ግን «የዓለም የጎልፍ መንደር» የተባለ ፍጹም አዲስ ነገር ነበር፤ ሆቴል፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ የመኖሪያ ቤቶች፣ ግዙፍ ሸራ ያለው ሲኒማ ቤትና ከሩቅ የሚታይ ማማ ነበረው። ከሁለቱ ሜዳዎች አንዱ የስኒድንና የሳራዘንን፣ በ2000 የተከፈተው ሌላው የፓልመርንና የኒክላውስን ቅጽል ስሞች የያዘ ነበር። የቤተ መዘክሩ ክፍሎች እንደ ጎልፍ ሜዳ በ18 ተከፍለው፣ ጎብኚው በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ የጥንቱን ጨዋታ፣ በኋለኞቹ ዘጠኝ የዘመኑን እያየ ይዘዋወር ነበር። በሴንት አንድሩስ ያለው የስዊልከን ድልድይ አምሳያም ስለ ነበረ፣ ስኮትላንድን ያላየ ሰው በፍሎሪዳ ሙቀት ውስጥ በድልድዩ ላይ ይሻገራል። ብልሃቱ የሚያስመሰግን ነበር፤ የጎብኚው ብዛት ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። በአውራ ጎዳናው የሚያልፈው ሰው አብዛኛው ወደ ባሕሩና ወደ ልጆች መዝናኛዎቹ ነበር የሚጓዘው። አዳራሹ በ2023 ተዘጋ።

ወደ ፓይንኸርስት የመለሰው በ1894 የተቋቋመው የዩናይትድ ስቴትስ የጎልፍ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በመንደሩ ሁለተኛ ጽሕፈት ቤቱንና የመሣሪያ መመርመሪያውን ሠርቶ፣ የዝነኞቹን አዳራሽ ከራሱ ቤተ መዘክር ቅርሶች ጋር በአንድነት አስቀመጠው። የተከፈተው በዚያው በሰኔ 2024 የአገሪቱ ታላቅ ውድድር በቁጥር ሁለት ሜዳ ከመደረጉ አስቀድሞ ነበር። ውድድሩ በ2029፣ በ2035፣ በ2041 እና በ2047 እንደገና ወደዚያ እንዲመለስ ተወስኗል። በዚህ ጊዜ ቤተ መዘክሩን የሚደግፈው የመሬት ሽያጭ ሳይሆን የውድድሩ ቀን መቁጠሪያ መሆኑ፣ ከቀደሙት ሁለት ጊዜያት የተሻለ መሠረት ይመስላል።

ወደ ውስጥ የሚገባ ጎብኚ ከሁሉ ይልቅ ዓይኑ የሚያርፈው በሣጥኖቹ ላይ ነው። በየጎልፍ ክለቡ ተጫዋቾች ልብስና ጫማቸውን የሚያስቀምጡበት የእንጨት ሣጥን እንዳለ ሁሉ፣ በአዳራሹም ከ170 ለሚበልጡት አባላት ለእያንዳንዳቸው ስማቸው የተጻፈበት ሣጥን ተመድቦላቸዋል። በውስጡም ከራሳቸው ወይም ከወገኖቻቸው የተገኘ ዱላ፣ ባርኔጣ፣ ዋንጫ፣ ደብዳቤ ይታያል። የዶናልድ ሮስ አባልነት የተወሰነው በ1977 ነው። በ2004 የገባው የቻርሊ ሲፈርድ አባልነት ግን ከሌሎቹ ይልቅ የሚያስቆም ታሪክ አለው፤ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው የአዳራሹ አባል እርሱ ነውና። ይህ የሆነው አዳራሹ ከተቋቋመ በ30ኛው ዓመት ነበር።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ በወረቀት የተጻፈ ነበር። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር በ1916 ተቋቁሞ፣ የአባላቱን ጥቅም በማስጠበቅና ወጣቶችን በማሠልጠን የተመሰገነ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን በ1934 ባጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ፣ ስለ አባልነት በሚናገረው አንቀጽ፣ አባል ለመሆን የሚችለው የነጭ ዘር የሆነ ባለሙያ ብቻ እንደ ሆነ ተጻፈ። ዕድሜ፣ የመኖሪያ አገርና የሥራ ዘመን በሚጠየቁበት በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ዘርም እንደ አንድ ተራ መመዘኛ ተቆጠረ። ማኅበር ላላቸው ባለሙያዎች ሁሉ ይህ ነጥብ ሊያሳስብ የሚገባው ነው። አንቀጹን ያጸደቁት ሰዎች ከሌላው ዘመን ሰው የከፉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ያደረጉት በስብሰባ እጅ ማውጣት ነው።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህን መልስ የሚያፈርሰው ከዚያ 38 ዓመት ቀድሞ የሆነ ነገር ነው። በ1896 በሎንግ አይላንድ በሺነኮክ ሂልስ በተደረገው ብሔራዊ ውድድር ላይ ጥቁሩ ወጣት ጆን ሺፕንና ከአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው ኦስካር በን ሊጫወቱ ቀረቡ። ከውጭ የመጡት ባለሙያዎች እነዚህ ከተጫወቱ እኛ አንጫወትም አሉ። የዚያን ጊዜ የዩናይትድ ስቴትስ የጎልፍ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሃቭማየር፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ ሁለቱ ይጫወታሉ ብሎ ወሰነ። አድመኞቹም ተጫወቱ። እንግዲህ ነገሩ በዘመን ብቻ የሚመካኝ አይደለም፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውም ይቆጠራል። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ እያንዳንዱ ተጫዋች ኳሱን የሚያስቀምጥባትን ትንሽ የእንጨት ችካል በ1899 በስሙ ያስመዘገበው ጆርጅ ግራንት፣ በሃርቫርድ የተማረ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነበር። ጎልፍ ማኅበሩ ይህን በይፋ ያወቀለት በ1991 ነው።

ደንቡን እስከ መጨረሻ የታገለው ቢል ስፒለር ነው። በ1913 በኦክላሆማ ተወልዶ፣ በቴክሳስ በዋይሊ ኮሌጅ ለመምህርነት ቢማርም፣ በሎስ አንጀለስ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ ጎልፍ ለመደ። በጥር 1948 በሎስ አንጀለስ ውድድር በመጀመሪያው ቀን ከታላቁ ቤን ሆጋን እኩል 68 ምት አስመዘገበ። በዚያ ውድድር ባገኙት ደረጃ እርሱና ቴድ ሮድስ በሪችመንድ፣ ካሊፎርኒያ ለሚደረገው ቀጣይ ውድድር በቁ፤ ሆኖም አባላት አይደላችሁም ተብለው ተመለሱ። አባል እንዳይሆኑ ደግሞ ደንቡ ይከለክላል። ከማዲሰን ጉንተር ጋር ሆነው ማኅበሩን ከሰሱ። ማኅበሩ ከእንግዲህ ወዲያ አድልዎ አላደርግም ብሎ ቃል ስለ ገባ ክሱ ከፍርድ ቤት ውጭ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የውድድሮቹ ስም ተለውጦ «በግብዣ» የሚደረጉ ሆኑ፤ ጥቁሮቹም አልተጋበዙም። ቃሉ በፊደሉ ተከብሮ በምሥጢሩ ፈረሰ።

በ1960 ስፒለር በሎስ አንጀለስ በአንድ ክለብ የሰው ከረጢት ተሸክሞ በሚሠራበት ጊዜ ከክለቡ አባላት አንዱ፣ ጉዳዩን ለካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ለስታንሊ ሞስክ እንዲጽፍ መከረው። ሞስክም ደንቡ እስካለ ድረስ ማኅበሩ በግዛቱ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ ውድድር እንደማያደርግ አስታወቀ። ማኅበሩ ለ1962 በሎስ አንጀለስ ያሰበውን ውድድር ወደ ፔንሲልቬንያ አዛወረው። ሞስክ ለሌሎች ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግም መጻፍ ሲጀምር ግን የሚሸሹበት ስፍራ ጠበበ። በኅዳር 1961 አንቀጹ ተሰረዘ። ሃያ ሰባት ዓመት ኖሯል።

አንቀጹ ተሰርዞ ነገሩ አላበቃም። ሲፈርድ በ1922 በዚያው በሰሜን ካሮላይና በሻርለት ከተማ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ካዲ ሆኖ ነጮች ሲጫወቱ በማየት ነበር የተማረው። በ1961 የጸደይ ወራት፣ ከፓይንኸርስት ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ራቅ ብላ በምትገኘው በግሪንስቦሮ፣ በደቡቡ ክፍል በማኅበሩ ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በመጀመሪያው ቀን መሪ ሆኖ ዋለ፤ ማታ በስልክ የግድያ ዛቻ ደረሰው፤ በማግሥቱም ሜዳው ላይ ተሳዳቢዎች ተከተሉት። ሲጨርስ አራተኛ ነበር። በ1967 በሃርትፎርድ፣ በ1969 በሎስ አንጀለስ ሲያሸንፍ ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር፤ በኦጉስታ በሚደረገው ታላቅ ውድድር ግን አንድ ጊዜም እንኳ አልተጋበዘም። የ2004ቱን ክብር ሲቀበል ያቀረበው ጋሪ ፕሌየር መሆኑም ይታወሳል። በ2014 ከፕሬዚዳንት ኦባማ የነፃነት ሜዳልያ ተቀብሎ፣ በቀጣዩ ዓመት በየካቲት ዐረፈ።

የፓይንኸርስትም ምድር የራሱ ድርሻ አለው። ከመንደሩ አጠገብ ቴይለርታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በሆቴሎቹ የሚያገለግሉትና በሜዳዎቹ ላይ ከረጢት የሚሸከሙት ጥቁር ሠራተኞች መኖሪያቸው እዚያ ነበር። በዶናልድ ሮስ ተዳፋት መደቦች ላይ ኳስ ወዴት እንደሚንከባለል ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ስለ ነበሩ፣ ስመ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ከመምታቱ በፊት የሚጠይቀው እነርሱን ነበር። ቤተ መዘክሩ ወደዚህ መመለሱ ስለዚህ ከፍሎሪዳው የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ከበሩ የሚወጣ ጎብኚ የታሪኩን ሌላ ወገን በእግሩ ሊደርስበት ይችላል።

አዳራሹ በፍሎሪዳ ሳለ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጎልፍ ተጫዋቾች ልዩ ትርኢት አዘጋጅቶ እንደ ነበር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። የባለሙያዎቹም ማኅበር በ2009 ለጆን ሺፕን፣ ለቴድ ሮድስና ለቢል ስፒለር አባልነት ሰጥቷል። ሺፕን ከሞተ 41፣ ሮድስ ከሞተ 40፣ ስፒለር ከሞተ 21 ዓመት ሆኖ ነበር። እስከ 2024 ድረስ የሦስቱም ስም በአዳራሹ ሣጥኖች ላይ አልተጻፈም።